ክዳን ያልነበረው ሰደቃ

ከከሚሴ ገበያ ወደ መስጊዱ በሚያወጣው መንገድ ላይ ሐጂ አብዱልጀባር ገመድ፣ ማረሻ፣ ጀሪካንና ባልዲ የሚሸጡበት ሱቅ አለ። ከሱቁ ጎን፣ ከግንቡ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። ኢክላስ ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካና የቢሮ ኔትወርክ እየዘረጋች የምትኖር ባለሙያ ናት። ሙያውን የት ተማርሽ ሲሏት ግን የኮሌጁን ስም ከመጥራቷ በፊት ያንን ድንጋይ ትጠራለች። ሰዎች ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ። ቀልድ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የከሚሴ ቀትር አናቷን ሲጠብሳት ሻሿን እስከ ቅንድቧ እየሳበች፣ ትምህርቷን የጨረሰችው እዚያ ላይ ነው። ቤቷ ኢንተርኔት አልነበረም። ኪሷም ውስጥ የካርድ መግዣ አልነበረም።

ዋይፋዩ የሐጂ ነበር። ክፍያ የለው፣ ፓስወርድ የለው፣ «ማን ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ» የሚል የለው። ስልክ ላይ ሲፈለግ በፈረንጅ ፊደል «ረቢአ» የሚል ስም ብቅ ይላል። ነክቶ መግባት ብቻ ነው።

ረቢአ የሐጂ ባለቤት ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ከዚያው ግንብ ሥር እንስራ ያስቀምጡ ነበር። በገበያ ቀን ከጨፋ ሮቢት እህሉን ጭኖ፣ ከብቱን ነድቶ በእግሩ የሚመጣ ሰው ጉሮሮውን ያርስበታል። ጣሳው በቃጫ ታስሮ ከእንስራው አንገት ይንጠለጠላል፣ እንስራው በየጠዋቱ ይሞላል። እሳቸው ሲሞቱ ሐጂ የሚስታቸው ሰደቃ እንዳይቋረጥ ብለው በገዛ እጃቸው እየሞሉ ቀጠሉ። ዘመኑ ግን ተቀይሮ ነበር፤ ገበሬው በመኪና ይመጣል፣ ውሃም የፕላስቲኩን ገዝቶ ይጠጣል። እንስራው እንደ ሞላ ውሎ እንደ ሞላ ያድር ጀመር። ሐጂ ይህን ሲያዩ ሐዘናቸው እንደ አዲስ ተነሳ።

አንድ ቀን ተማሪዎች ስልካቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከግንቡ ሥር ሲዞሩ አዩና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ኔትወርክ ነው አሏቸው። ሐጂም የዘመኑ ጥማት ይህ ከሆነ ይህንኑ እናጠጣ ብለው መስመር አስገቡ። የዋይፋዩን ሳጥን የገጠመላቸው ነጋዴ ፓስወርዱ ምን ይሁን ሲላቸው፣ «ሰደቃ ላይ ቁልፍ አይንጠለጠልም» ብለው መለሱት። በዚያ ብቻ አልበቁም። ተቀባይ እንዳያፍር ብለው ወንበራቸውን አዙረው ለድንጋዩ ጀርባቸውን ሰጥተው መቀመጥ ጀመሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተቀመጡ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ አያውቁም።

ኢክላስ በዚያ ድንጋይ ላይ ብዙ ነገር ተምራለች። ራውተር የሚባለው ሳጥን በሽቦ የመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በአየር እንደሚያድል፣ አንቴናው አፉም ጆሮውም እንደሆነ፣ ስልክና ላፕቶፕም በሆዳቸው የየራሳቸውን ትንሽ አንቴና ይዘው እንደሚዞሩ ተምራለች። በዓለም ዙሪያ የተሠራው ሳጥን ሁሉ እርስ በርሱ የሚግባባበት አንድ ደንብ እንዳለ፣ ደንቡም ሁለት ዋና መንገድ እንደሚሰጥ አንብባለች። ባለ ሁለት ነጥብ አራት ጊጋኸርዙ ዝግ ያለ ነው፣ ግን ግንብ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ባለ አምስቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ወዲያው ይደክማል፤ እንዲህ ያለ ሰውም አይጠፋም። ድንጋዩ ላይ ሆና የምትጠጣው ዝግተኛውን ነበር፤ ከሱቁ ክፈፍ ላይ የተሰቀለው አንቴና የሚያድለው እሱን ብቻ ነበርና።

አንድ ምዕራፍ ግን አንብባ ዝም ያለችው አለ። ስለ አደጋ የሚናገረው ምዕራፍ ነው። ቁልፍ የሌለው ኔትወርክ ላይ የሚሄድን ነገር በመንገድ የቆመ ሰው ሊያየው እንደሚችል ይላል። ይባስ ብሎ ማንም ተነስቶ ለራሱ ሳጥን ያንኑ ስም አውጥቶለት መንገድ ዳር ሊቆም ይችላል። ስልክ የሚያውቀው ስም ነው፣ ፊት አያውቅም፤ ስሙ ከተመሳሰለና ከቀረበው ሰተት ብሎ ይገባል። ይህን ባነበበች ቀን ቀና ብላ ከክፈፉ ላይ የተሰቀለውን አንቴና አየች። ለሐጂ ልንገራቸው አለች በልቧ። ቀጥሎ ደግሞ ቢቆልፉትስ፣ እኔ የት እቀመጣለሁ አለች። ገጹን ዘጋችና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈች።

ትምህርቷን ጨረሰች፣ ኮምቦልቻ ሥራ ያዘች፣ ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት የአክስቷ ልጅ ዓዲላ ደወለች። ዓዲላ ከሚሴ ነርስነት ትማራለች። የቴሌግራም ገጿ ተሰርቆባታል። የሰረቀው ሰው በእሷ ስም ለዘመድ ሁሉ «በጠና ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ድረሱልኝ» ብሎ ጽፏል። እናቷ ከጨፋ ሮቢት በማሽላ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው፣ እያለቀሱ ከሚሴ ሲደርሱ ልጃቸው ቁጭ ብላ ምሳ ትበላለች። እንደ እሷ የተሰረቁ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ሁሉም የሐጂን ዋይፋይ የሚጠቀሙ ናቸው።

ወሬ እግር አውጥቶ ሄደ። መጀመሪያ «የሐጂ ዋይፋይ ላይ ተሰረቅን» ተባለ። ሲውል ሲያድር ሰው አፉ እንደመጣለት አሳጠረውና «ረቢአ ሰረቀችን» ማለት ጀመረ። ግማሹ ተማሪ ረቢአ ሰው መሆናቸውን እንኳ አያውቅም፤ ዓዲላ ራሷ እስከ ዛሬ የሳጥኑ የፋብሪካ ስም ይመስላት እንደነበር ተናገረች። ሐጂ ግን ያውቃሉ። ይህች ሦስት ቃል ያልሞላች ወሬ ጆሯቸው ገብታ ሁለት ቀን እህል አላስበላቻቸውም። ዓዲላ የደወለችው ስለ ራሷ ብቻ አልነበረም። ሐጂ ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ ቆመው ለሟች ሚስታቸው አውፍ ሊያስብሉ፣ ከዚያ ወጥተው አንቴናውን በእጃቸው ሊነቅሉ መሆኑን ልትነግራት ነው።

ኢክላስ ስልኩን ዘጋች። ላልሠሩት ወንጀል አንዲት ሟች ይቅርታ ሊለመንላቸው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። አለቃዋን አስፈቀደች፣ ዓርብ ጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፈረች፣ በሐርቡ አልፋ ወደ ጨፋ ሸለቆ ስትወርድ ፀሐይ ገና መሞቋ ነበር። ለሐጂ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብላ እንደማታውቅ የታሰባት በመንገድ ላይ ነው። ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አይታ አታውቅማ።

ሱቁ ስትደርስ መሰላሉ ግንቡ ላይ ተደግፏል። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እንደ አገሩ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ ሐጂ?» ብላ ሰላምታ ሰጠች። ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው መለሱና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የሙሀመድአሚን ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። ቀጥላም እዚያ ድንጋይ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጣ እንደተማረች ነገረቻቸው።

«አላየሁሽም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ።

«እንዳያዩኝ ብለው ነዋ» አለች ኢክላስ።

ሐጂ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። የመጣችበትን ስትነግራቸው እጃቸውን አነሱ። በረቢአ ስም ሰው ከሚያለቅስ ሰደቃው ቢቀር ይሻላል አሉ። ኢክላስ አልተከራከረችም። እስከ ጁምዓ ብቻ ጊዜ እንዲሰጧት ለመነች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መጀመሪያ ሥሩን ልየው አለቻቸው። ሐጂ ወደ መሰላሉ፣ ከዚያ ወደ ፀሐይዋ አዩ። «እስከ አዛን» አሉ።

ኢክላስ ዓዲላን አስጠራችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ወደ ዋይፋዩ ስትገቢ ምን አለሽ? ዓዲላም ያየችውን ተናገረች። እንደ ድሮው ስሙን ስትነካ አንድ ገጽ ወጣ፤ ኢንተርኔት ለመጠቀም ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ አለ፣ አስገባች። ቀጥሎ በአጭር መልእክት አንድ ቁጥር ይደርስሻል፣ እሱንም ጻፊ አለ፣ ጻፈች። ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። የቴሌግራም ገጿ ከእጇ የወጣው በዚያች ቁጥር ነው።

«የሐጂ ዋይፋይ ከዚህ በፊት ጠይቆሽ ያውቃል?» አለች ኢክላስ።

ዓዲላ አሰበች። ምንም ጠይቋት አያውቅም። ኢክላስ ነገሩ ገባት። ሐጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ያዞሩት እንዳይጠይቁ ነው። የሳቸው ሳጥንም እንደ ባለቤቱ ነው፣ አይጠይቅም። የጠየቀው ሌላ ነው።

ስልኳን አውጥታ በአካባቢው ያሉትን ኔትወርኮች የሚያሳያትን መተግበሪያ ከፈተች። ረቢአ አለ። ዝቅ ሲል፣ ደከም ብሎ፣ ሌላ ረቢአ አለ። እያንዳንዱ ሳጥን ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ሱቁ ውስጥ ገብታ የሐጂን ራውተር ገልብጣ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች። የመጀመሪያው ረቢአ ቁጥር ገጠመ፣ የሁለተኛው አልገጠመም። ሌባው ስሙን ቀድቶ ቁጥሩን መቅዳት ሰንፎ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ የሌባ ስንፍናም አንዳንዴ ለሰው ይጠቅማል።

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። ስልኳ የምልክቱን ጉልበት በቁጥር ያሳያታል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በተጠጋ መጠን ሳጥኑ ቀርቧል ማለት ነው። ከሱቁ ደጅ ሰማንያ ሁለት ነበር። ወደ ገበያው ስትወርድ ዘጠና ሆነ፣ ተመለሰች። ወደ ኮሌጁ መንገድ ስትታጠፍ ሰባ ገባ። ሻይ ቤቱን አልፋ ስልሳ። ተማሪዎች ባጃጅ የሚጠብቁበት ጥላ ሥር ስትደርስ አርባ አምስት፤ ከጥላው ጀርባ ያለው የሸምሱ ጸጉር ቤት በር ላይ ስትቆም ሰላሳ። ሸምሱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የጸጉር መላጫ እንጂ ሌላ ማሽን ነክቶ የማያውቅ፣ የወደቀ ሳንቲም ባለቤት ለማግኘት ሦስት ቀን የሚያውጅ ሰው ነው። ግራ ገባት።

ገብታ ሰላም ብላ ዓይኗን ዙሪያውን ላከች። ከመስታወቱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ጥቁር ቦርሳ ተቀምጧል። ከቦርሳው ዚፕ ሽቦ ወጥቶ ወደ ሶኬቱ ይወርዳል። ይህ የማን ነው ስትለው ሸምሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የአማና ዕቃ ነው አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ደህና የለበሰ መንገደኛ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ባቲ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ይህን ቦርሳ አደራ ብሎት ሄደ። ውስጡ ያለው ባትሪ መብራት ከተቋረጠበት ይበላሻል፣ እንዳትነቅልብኝ ብሎታል። ሸምሱም ውሃ እንዳይረጨው፣ እጅም እንዳይነካው ብሎ ከሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ሰጠው። ከፍ ያለ ቦታ ለአንቴና ምን እንደሚጠቅም ሸምሱ ከየት ይወቅ። ሌባው ቦታ መርጦ ሳይሆን ሰው መርጦ ነበር የተወው። አደራ የሚበላ ሰው ጋ ቢተወው ኖሮ በማግስቱ ተከፍቶ፣ ተሸጦ ነበር።

ኢክላስ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሸምሱ የያዘውን ፎጣ ጣለ። አሥራ አንድ ሰው፣ የዓዲላ እናት፣ የእማማ ረቢአ ስም። ፊቱ አመድ መሰለ። ቦርሳውን ክፈተው ስትለው ግን ራሱን ነቀነቀ። ወላሂ አልችልም፣ አማና ነው አለ። ሐጂ ተጠሩ። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰው የሚጎዳበት ነገር አማና አይባልም ብለው ገሰጹት። ሸምሱ ቦርሳውን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ሽቦውን አየ።

«አልከፍተውም፣ ሐጂ» አለ። «ሶኬቱ ግን የእኔ ነው።»

ነቀለው። ኢክላስ ስልኳን ለሐጂ አሳየቻቸው። ሁለት ከነበሩት ረቢአዎች አንደኛዋ ደብዝዛ ጠፋች። አንዲቱ ብቻ ቀረች። ሐጂ ጣታቸውን በስሙ ላይ አሳርፈው ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

ቦርሳው ሳይከፈት ፖሊስ ጣቢያ ገባ። በኋላ ባለቤቱ ሲደውል ሸምሱ እውነቱን ነገረው። አማናህ ፖሊስ ጣቢያ በደህና ተቀምጧል፣ ሄደህ ውሰድ አለው። ሰውየው ስልኩን ዘጋ፤ ቁጥሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም። ፖሊሶቹ ዱካውን እየተከተሉ ነው። ሸምሱ እስከ ዛሬ ድረስ አደራ አጉድያለሁ ወይስ አላጎደልኩም እያለ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃል።

በመስጊድ የሆነውን ለኢክላስ የነገራት እሱ ነው። በዚያው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ቆሙ። ለረቢአ አውፍ አላስባሉም። ረቢአ ማንንም እንዳልሰረቀች፣ በስሟ ሌላ ሰው ቆሞ እንደነበር ብቻ ተናግረው ተቀመጡ። አውፍ በሉኝ ያለው ሸምሱ ነው። እያለቀሰ ሳላውቅ ነው ሲል ሰዉ በአንድ ድምፅ አውፍ አለው።

ኢክላስ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ከመስጊድ የተመለሱት ሐጂ ግን ቀጥታ ወደ መሰላሉ ሄዱ። ሌባው ቢሄድም በሩ እንደ ተከፈተ ነው፣ ነገ ሌላ ይመጣል አሏት። ቁልፍ እናድርግለት አለች። ሰደቃ ላይ ቁልፍ አይንጠለጠልም አሉ፣ ያንኑ የስድስት ዓመት ቃላቸውን። የተከፈተ ከሆነ ሰው ይጎዳል፣ የተቆለፈ ከሆነ ሰደቃ አይሆንም፤ ስለዚህ ይነቀል። እግራቸውን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አደረጉ።

ኢክላስ መሰላሉን ያዘች። ለዓመታት የደበቀችውን ያን ጊዜ ተናገረች።

«ሐጂ፣ እኔንም አውፍ ይበሉኝ። ይህ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። እዚሁ ድንጋይ ላይ ነው ያነበብኩት። ከቆለፉት መቀመጫ አጣለሁ ብዬ ዝም አልኩ። የጠጣሁበትን እንስራ ስንጥቅ ነው ዝም ብዬ ያለፍኩት።»

ሐጂ እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ። ዞረውም ፊት ለፊት አዩዋት።

«የጠማው ሰው እንስራው ተሰነጠቀ ብሎ አይናገርም፣ እስኪጠጣ ድረስ ውሃውን ብቻ ነው የሚያየው» አሉ። «አውፍ ብዬሻለሁ። ከልቤ።»

ኢክላስ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ስትመጣ ያላሰበችውን ጥያቄ ጠየቀች።

«እማማ ረቢአ እንስራቸውን ክዳን ሳያደርጉ ትተውት ያውቃሉ?»

ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። መልሱ ከነታሪኩ መጣ። አንድ የገበያ ቀን እሳቸው ራሳቸው ጠጥተው ክዳኑን ሳይመልሱ ረስተው ሄዱ። ረቢአ ሲያዩ አቧራ ገብቶበታል። ሙሉውን እንስራ ደፉት፣ በዚያ ቀትር ተመልሰው ወረዱና ሌላ ውሃ ቀድተው መጡ። ባላቸውንም ተቆጧቸው። «ለሰው የሚሰጥ ነገር ለራስ ከሚቀመጠው በላይ ይከደናል» ነበር ያሉት። ሐጂ ይህን ሲናገሩ የሚስታቸውን ቁጣ ዳግም የሰሙ መሰሉ፤ አሁን በእውነት ፈገግ አሉ።

ቁልፍ የሚለውን ቃል ኢክላስ ከዚያ በኋላ አላነሳችም። ክዳን እንግጠምለት አለች። እንዴት እንደሚሠራም በቀላሉ አስረዳቻቸው። ለሁሉም አንድ የይለፍ ቃል ከሰጠን ሌባውም ያገኘዋል፣ ስሙን እንደቀዳ ቃሉንም ይቀዳዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ይሰጠዋል። በአየር የሚሄደው ሁሉ ተሸፍኖ ይሄዳል። ስልኩም በተራው ሳጥኑን መታወቂያ ይጠይቃል፤ እውነተኛው ረቢአ ካልሆነ አይገባም። አንዱ ቃሉን ቢጥል የእሱ ብቻ ይዘጋል፣ ሌላው አይነካም። ሐጂ አዳመጡና አንድ ነገር ከበዳቸው። የሰዎቹን ስም መመዝገብ ነው እንዴ አሉ። ስም የለም አለች። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቁጥርና ቃል ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ሰፌድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰው አንዱን አንስቶ ይሄዳል። ግን መጥቶ ማንሳት አለበት፤ እርስዎም ሰፌዱን መያዝ አለብዎት አለቻቸው። ሐጂ ትንሽ አቅማሙ። ዓይኔን ዝቅ አደርጋለሁ አሉ በመጨረሻ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ኢክላስ መሥሪያ ቤቷ ከአገልግሎት ያወጣውን ትንሽ ኮምፒዩተር አለቃዋን ለምና ይዛ መጣች። ቃሎቹን የሚጠብቀው እሱ ነው። ራውተሩን ከፍታ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ስታይ ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም መንገደኛ ገብቶ እንደፈለገ ሊያደርገው ይችል ነበር። እሱንም ቀየረች። ከዚያ ሁለት መቶ ወረቀት ቆርጣ፣ ከቁጥሩና ከቃሉ በላይ አንድ መስመር ጻፈችበት። «ይህ ዋይፋይ የሟች የሐጂት ረቢአ ሰደቃ ነው። ስልክ ቁጥርም ኮድም አይጠይቅም፤ የጠየቃችሁ ካለ እሳቸው አይደሉም።»

በመጀመሪያ የመጣችው ዓዲላ ነበረች። ከሰፌዱ አንድ ወረቀት አንስታ ፈታችና አነበበች። ረቢአ ሰው እንደነበሩ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ታውቃለች። ተጽፎ ስታየው ግን ሌላ ሆነባት። ዝም ብላ መሄድ አልቻለችም።

«አላህ ይዘንላቸው፣ ሐጂ። ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው።»

ሐጂ ዓይናቸውን ዝቅ እንዳደረጉ «አሚን» አሉ።

ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች መጡ። አነበቡ፣ ዱዓ አደረጉ። ከባቲ የመጣ የፍየል ነጋዴ መጣ። ልጇን ያዘለች እናት መጣች፤ «ገለቶማ» ብላ አመሰገነች፣ ቀብሯ ላይ ኑር ያብራላት አለች። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ከተሰረቁት አሥራ አንዱ ውስጥ ሰባቱ በሰልፉ ላይ ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንት ያንን ክፉ ወሬ ካሳጠሩት መካከልም ነበሩ። አንዱ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ አንገቱን ደፍቶ አውፍ በሉኝ አለ። ሐጂ ለሁሉም አሚን ይላሉ። እኩለ ቀን ሲሆን ድምፃቸው ተዘጋ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ያ ድንጋይ ስንት ሰው አስቀምጧል። አንዱም ግን ወደ ሐጂ ገብቶ የረቢአን ስም በዱዓ ጠርቶት አያውቅም፣ የሚያስገባው ነገር አልነበረውማ።

ሰልፉ ሲያልቅ ኢክላስ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆማ ነበር። ሐጂ ገና ዓይናቸውን አላነሱም፤ እንደ ሌላው ሰው ሰፌዱን ዘረጉላት። የመጨረሻዋን ወረቀት አነሳች። በገዛ እጇ የጻፈችውን እንደ አዲስ አነበበች። የድንጋዩ ሙቀት፣ የተሰበረው ላፕቶፕ፣ ዛሬ ላይ የቆመችበት ሥራ፣ ከእሱ የሚበሉት ወላጆቿ ሁሉ ከፊቷ መጡ።

«ሐጂ፣ በዚህ ሰደቃ ሰው ሆኛለሁ» አለች። «አላህ የእማማ ረቢአን ምንዳ አይቁረጥባቸው። እርስዎንም ጀዛከላህ ኸይር። ይህን ያኔ ማለት ነበረብኝ።»

ሐጂ ድምፁን አወቁት። ቀና አሉ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

«ስድስት ዓመት ስሟን ስልክ ላይ ሳይ ኖርኩ» አሉ በተዘጋው ድምፃቸው። «ዛሬ በሰው አፍ በዱዓ ሰማሁት። አሚን፣ ልጄ።»

ባዶውን ሰፌድ ለኢክላስ አቀበሏት። ተነስተውም ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞሩት።